ማርሹ ሲመታ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ብዙም ሳይርቅ የደንገጎ ዳገት ይቀበለዋል። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣና ሐሮማያ ሲደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከዚያ አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል። ጠቅላላው ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለካምቢዮ ግን ከባድ መንገድ ነው። ከላይ ከአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እየከነፈ ይወርዳል፤ ከፊት ከባድ መኪና እያዘገመ ይወጣል፤ ለመቅደም ያለው ዕድል በሁለት ጠመዝማዛ መካከል ያለችው አጭር ቀጥታ ብቻ ናት። ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ አውቶማቲክ ካምቢዮው ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ወደ ሁለተኛ ማርሽ መውረድ አለበት። ቶሎ ከወረደ መኪናው ይወነጨፋል። ካመነታ ግን ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል፣ መኪናው ባለበት ይቀራል፣ ከላይ የሚመጣው እየቀረበ ነው።

«ማርሹን ጠንከር አድርግልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው እንዲህ ባለ ቅጽበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በጥቂት ብር የሚገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሽቦ ላይ መቀጠል፣ ሌላኛው ካምቢዮው ምን እያደረገ እንደሆነ አውቆ የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ ማስተካከል። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው የመጀመሪያው መልስ ማርሹን የሚያጠነክረው ደንገጎ ላይ ሳይሆን ሐረር ፈረስ መጋላ ገበያ ውስጥ መሆኑን ነው።

ሐረር ስለ ማርሽ ብዙ የምታውቅ ከተማ ናት። ለአሥርተ ዓመታት ሰውና ዕቃ ስታመላልስባቸው የኖረችው ፔጆ 404ዎች ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረቱ ናቸው። ይኸው መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል፤ ጥንካሬው በአቧራና በድንጋይ ላይ የተመሰከረ ነው። ማርሽ መለወጫው መሪው ሥር ነው። ፋብሪካው ከ1966 ጀምሮ የጀርመኑን ዜድ ኤፍ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ በአማራጭ ያቀርብ ነበር፤ ሐረር የለመደችው ግን ባለ እጅ ማርሹን ነው። የ404 ሹፌር ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ፣ ግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ይነዳል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ከለቀቀ መኪናው ሳይነቃነቅ ማርሹ ይያያዛል፤ በአንድ ጊዜ ከለቀቀ ተሳፋሪው ወደ ኋላ ይወረወራል። ዳገት ላይ ፈጠን አድርጎ፣ ጀጎል ውስጥ ሰው መሐል ለስለስ አድርጎ ይለቃል። ማንም አላስተማረውም፣ እግሩ ያውቀዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የዚህን ግራ እግር ሥራ የሚሠሩት ዘይትና ኤሌክትሪክ ናቸው። «ጠንካራ ማርሽ» ማለትም ያ እግር በምን ፍጥነት ይልቀቅ ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ካምቢዮውን እንክፈተው። ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፤ ጉልበቱን በዘይት ሽክርክሪት ያስተላልፋል፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እንዲሠራ የሚፈቅደውም እሱ ነው። ከእሱ ወዲያ ፕላኔታሪ የሚባሉት ጥርሶች አሉ። እነዚህ ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው፤ እንደ እጅ ማርሽ ገብተው አይወጡም። ማርሹን የሚለውጠው የትኛው ጥርስ ይያዝ፣ የትኛው ይለቀቅ የሚለው ነው። የሚይዙትና የሚለቅቁት ደግሞ ሸራ የለበሱ ቀጫጭን ዲስኮች ናቸው፤ በዘይት ግፊት ይጨመቃሉ፣ ግፊቱ ሲነሳ ይላቀቃሉ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ አንዱ የዲስክ ስብስብ ጭነቱን ለሌላው ያስረክባል፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ እንደሚተላለፍ የማሽላ ጆንያ ነው። ተቀባዩ ከዘገየ ጆንያው ይወድቃል፣ ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። ሰጪው ሳይለቅ ተቀባዩ ከያዘ ሁለቱም ይጎተታሉ፣ መኪናው ይንገጫገጫል።

በርክክቡ ጊዜ ተቀባዩ ሸራ ለአንዲት የሰከንድ ክፋይ ይንሸራተታል። ይህ መንሸራተት ጉድለት አይደለም፤ ሞተሩ ከነበረበት ፍጥነት ወደ አዲሱ ፍጥነት የሚወርደው በእሱ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መንሸራተት ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚያርፈው ስስ ሸራ ላይ ነው።

ቁጥር እናስገባበት። 200 ኒውተን ሜትር ቶርክ የሚሰጥ ሞተር በደቂቃ 4,000 ዙር እየዞረ ሳለ ማርሹ ተለውጦ ወደ 2,500 ዙር ይውረድ። ሞተሩና ከእሱ ጋር የሚሽከረከረው ሁሉ 0.2 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ኢነርሺያ አለው እንበል፤ ስሌቱ እንዲቀልም ተቀባዩ ሸራ በቀጥታ ሞተሩ ላይ እንዳለ እንቁጠረው። ርክክቡ 0.8 ሰከንድ ከፈጀ ሸራው መሸከም ያለበት ቶርክ 240 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሚፈጠረው ሙቀት 15 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህ ለስላሳው፣ ተሳፋሪው የማያውቀው ማርሽ ነው። በ0.4 ሰከንድ ከተያያዘ ቶርኩ ወደ 280 ከፍ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ወደ 8.7 ኪሎ ጁል ይወርዳል። ጉልበቱ ከአንድ ስድስተኛ በላይ ሳይጨምር ሙቀቱ ወደ ግማሽ ተጠጋ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ማርሽ ጠንከር ማለቱ ለሸራው ይበጀዋል የሚሉ ባለሙያዎች እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ የሚያቆም ግን ጥቂት ነው። በ0.15 ሰከንድ እናያይዘው። ሙቀቱ ወደ 4.8 ኪሎ ጁል ይወርዳል፤ የቀነሰው አራት ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። ቶርኩ ግን 410 ኒውተን ሜትር ሆኗል፣ ሞተሩ ከሚሰጠው እጥፍ በላይ። ያ ጉልበት የትም አይጠፋም። ሻፍቱን ይጠመዝዛል፣ የፕላኔታሪውን ጥርሶች ይመታል፣ ክሮቼራውን ያላላል፣ ዲፈረንሻሉን ይደበድባል፣ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ይቀድዳል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባው ላይ የሚሰማው ምት የዚሁ ትርፍራፊ ነው። ምቱን ብዙ ሰው የጉልበት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። መኪናው ግን በዚያ ምት አንድ ፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረም።

ፋብሪካዎች ይህን ስሌት ያውቁታል። ያም ሆኖ ወደ ለስላሳው ወገን ያዘነብላሉ፤ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ፍርዱን የሚሰጠው በምቾት ነውና። ካሊብሬሽኑ የተሠራው ለአንድ ቤተሰብና ለጥቂት ሻንጣ፣ ለጥሩ አስፋልት ነው። ያው መኪና ሁለተኛ ሕይወቱን የሚጀምረው ሐረር አካባቢ ነው። ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዷ የሆነችው ሶፊ ገጠር ናት፤ ጫቱም ማሽላውም ወደ ከተማ የሚወጣው በኮረብታና በአቧራ መንገድ ነው። እዚያ ያለ ፒክአፕ ከተፈቀደለት በላይ ቢጭን የሚገርመው ሰው የለም። መኪናውን በሌላ መለወጥም ቀላል አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለውን ካምቢዮ ማኖር የግድ ሆኗል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ለእኔ የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክን ይፋ ባደረገበት በ1939 እ.ኤ.አ. ሁሉም ነገር በዘይት ነበር፤ መቼ ማርሽ ይለወጥ፣ በምን ያህል ግፊት የሚለውን የሚወስኑት ስፕሪንግና ቫልቮች ነበሩ። ሬኖ በ1969 በሬኖ 16 ላይ ውሳኔውን ለኤሌክትሮኒክስ ሰጠ። ቶዮታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በማይክሮፕሮሰሰር የሚመራ ካምቢዮ አወጣ። ከዚያ የተወለደው የኤ340 ቤተሰብ በብዙ የቶዮታ ፒክአፕና የመስክ መኪኖች ሥር ገብቶ አገራችን ደርሷል።

ኤ340ኢን ማወቅ ብዙ ያስተምራል። ማርሽ የሚለውጡት ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የዘይት መንገድ የሚከፍቱ ትናንሽ መጠምጠሚያዎች። አንደኛው ብቻ ሲበራ አንደኛ ማርሽ፣ ሁለቱም ሲበሩ ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ብቻ ሲበራ ሦስተኛ፣ ሁለቱም ሲጠፉ አራተኛው ማርሽ ኦቨርድራይቭ። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር መንገድ ላይ ነፍስ ያድናል፦ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ኮምፒውተሩ ሞቶ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ ካምቢዮው «ዲ» ላይ ኦቨርድራይቭ ብቻ ይሰጣል፣ ዳገትም አይወጣም። ያን ጊዜ ማንሻውን ወደ «2» ካወረዱት ሦስተኛ ማርሽ፣ ወደ «ኤል» ካወረዱት አንደኛ ማርሽ ያገኛሉ። ደንገጎ ወገብ ላይ ተጎታች መጥራት ላያስፈልግ ይችላል፤ «ኤል» አስገብቶ መነሳት፣ ከዚያ «2»፣ ሜዳ ሲደርሱ «ዲ»።

በዚህ ካምቢዮ ላይ ሶሌኖይዶቹ የሚወስኑት መቼ ማርሽ እንደሚለወጥ ነው። በምን ጥንካሬ የሚለውን የሚወስነው ግን ከነዳጅ መርገጫው ጋር የሚሳብ ካቦ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ካቦው ይሳባል፣ የዘይቱ ግፊት ይጨምራል። ሞተሩን በሚኒሞ አድርገው «ዲ» ላይ ቢለኩት ግፊቱ ከ4 እስከ 5 ባር አካባቢ ነው፤ ሙሉ ጭነት ላይ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ካቦው ላይ ከጎማ ሽፋኑ ጫፍ አጠገብ የተጨመቀች ትንሽ የብረት ማቆሚያ አለች። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ በጎማው ጫፍና በዚህች ማቆሚያ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የካምቢዮው ዕድሜ የተንጠለጠለው በዚህች ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ካቦው በእርጅና ላልቶ ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እየሰጠ ካምቢዮው «ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» ብሎ ያስባል፤ ግፊቱ ያንሳል፣ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። «ማርሹ ሰነፈ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ወደ ልኩ መመለስ ብቻውን ሰው የሚፈልገውን ጥንካሬ ይሰጠዋል። ከልኩ አልፎ ማጥበቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቀስታ ሲነዳ እንኳ ከፍተኛ ግፊት ይሰጣል፣ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ምት ይመጣል።

ከዚህ ወዲህ በመጡት ካምቢዮዎች ካቦው ቀርቶ የግፊት ሶሌኖይድ ተተክቷል። ይህ እንደ ሌሎቹ በርቶ የሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ በመጨመርና በመቀነስ ግፊቱን እንደፈለገ ያስተካክላል። አሠራሩ መጀመሪያ ለሚሰማው ግራ ያጋባል፦ ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪኩ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል። በጄኔራል ሞተርስ 4ኤል60ኢ ካምቢዮ 1.1 አምፔር ገደማ ዝቅተኛውን ግፊት ይሰጣል፣ ዜሮ አምፔር ከፍተኛውን። የቶዮታውም አቅጣጫው ያው ነው። ምክንያቱ ብልህ ነው። ሽቦው አንድ ቀን ቢበጠስ ካምቢዮው ወደ ከፍተኛ ግፊት ይሄዳል፤ ማርሹ ይመታል፣ ሸራው ግን አይቃጠልም። መሐንዲሱ ሹፌሩ ተመትቶ ቤቱ እንዲደርስ ፈቀደ፣ ተንሸራትቶ መንገድ ላይ እንዲቀር አልፈቀደም።

በጥቂት ብር የሚሠራው ዘዴ የተወለደው ከዚሁ ነው። ሶሌኖይዱ በሽቦ በኩል 5 ኦም አካባቢ መከልከያ አለው። መንገዱ ላይ ሬዚስተር ከተቀጠለ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ማርሹ ጠንከር ይላል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ችግሩ የት ላይ እንደሚሰማ ነው። ኮምፒውተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚልከው ነዳጁ በትንሹ ሲረገጥ፣ ዝቅተኛ ግፊት ሲበቃ ነው። ሬዚስተሩ ብዙ የሚቀንሰውም እዚያው ነው። ነዳጁ እስከ ታች ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ኤሌክትሪኩን ወደ ዜሮ አውርዶታል፤ ግፊቱ ጣሪያው ላይ ነው፤ ሬዚስተሩ የሚቀንሰው ነገር የለውም። እንግዲህ ሰውየው ደንገጎን ለመውጣት የፈለገው ጥንካሬ ደንገጎ ላይ ቅንጣት አልጨመረም። የተጨመረው ሐረር በርን አልፎ ወደ ፈረስ መጋላ በሰው መሐል ሲያዘግም ነው፤ እናቶች ቅርጫት ይዘው በሚሻገሩበት፣ መኪና በእርምጃ መሄድ ባለበት ቦታ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲገባ ወደፊት ይዘላል። ሶፊ መንገድ ላይ ደግሞ ልል አፈር ያለበት ጠመዝማዛ ላይ ማርሹ ሲመታ የኋላ ጎማው መሬቱን ሊለቅ ይችላል።

አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዝም ብለው አይታለሉም። የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካሉ፤ ሲያንስ ከፍ ለማድረግ ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው ጥፋት ይመዘግባሉ። ቶዮታ ላይ የዚህ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ ጥፋት በዲያግኖሲስ ማሽን ሲነበብ ፒ2716 ይላል። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ለሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ መስጠት ያቆማል። ከፍተኛ ግፊት፣ ሁልጊዜ፣ በየማርሹ። ቀደም ብለን ያሰላነው የ0.15 ሰከንድ ዓለም ይህ ነው።

ታዲያ በትክክል የሚሠራው እንዴት ነው? ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ካምቢዮው ውስጥ ነው። ዘይቱ ወደ ሸራው ሲሄድ አኩሙሌተር የሚባለውን በስፕሪንግ የተደገፈ ፒስተንም ይገፋል፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የግፊቱን አመጣጥ ያዘገየዋል። ስፕሪንጉን ጠንከር ባለ ስፕሪንግ መቀየር ወይም የዘይቱን ቀዳዳ በጥቂቱ ማስፋት ርክክቡን ያፈጥነዋል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ሺፍት ኪቶች ይሸጣሉ፤ ጥሩዎቹ የትኛው ማርሽ ላይ ምን እንደሚለወጥ ለይተው ያስቀምጣሉ። ሥራው ግን ንጹሕ ጠረጴዛና ታጋሽ እጅ ይጠይቃል፤ አቧራ የገባበት ቫልቭ ተመልሶ አይንቀሳቀስም።

ሁለተኛው በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ነው፣ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ግፊቱ ለእያንዳንዱ ማርሽና ለእያንዳንዱ የነዳጅ መጠን በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ሲነዳ ያለውን ሳይነኩ፣ ነዳጁ ከግማሽ በላይ ሲረገጥ ያለውን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ልክ የ404 ሹፌር እግር እንደሚያደርገው። ርክክቡን ከ0.8 ወደ 0.4 ሰከንድ ለማውረድ ግፊቱን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። ፋብሪካው ማርሽ በሚለወጥባት ቅጽበት የሞተሩን ካንዴላ የሚተኩስበትን ጊዜ በማዘግየት የሞተሩን ቶርክ ለአፍታ ይቀንሳል። ሸራው ያነሰ ይሸከማል፣ ርክክቡ ያለ ምት ፈጣን ይሆናል። አንዳንድ ፕሮግራም ቀያሪዎች ምቱ እንዲሰማ ብለው ይህን ቅነሳ ያጠፉታል። ለደንበኛው የሚሸጠው ስሜት ነው፤ የሚከፍለው ሸራው ነው። ቅነሳው ሳይነካ መተው አለበት።

የከፍታውንም ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም፤ በውጭ መጻሕፍት ሲነሳ ብዙም አላይም፣ እኛን ግን በቀጥታ ይመለከተናል። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ያንሳል። ባለ ካቦው ካምቢዮ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ግማሽ የተረገጠ ነዳጅና ሐረር ላይ ግማሽ የተረገጠ ነዳጅ ለእሱ አንድ ነው፤ ሞተሩ ግን ሐረር ላይ ያነሰ ጉልበት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ካቦው በልኩ ከተስተካከለ ሐረር ላይ የሚነዳ መኪና ማርሹ ከጅቡቲው ይልቅ በተፈጥሮው ጠንከር ያለ ነው። የጉልበት ማነስ የካምቢዮ ስንፍና ይመስላል፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ይህን የመለየት ሥራ የሚጀምረው ጋራዥ በር ላይ ነው። ከሶፊ አንድ ሽማግሌ ፒክአፓቸውን ይዘው ሲመጡ ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«አቦ ልጄ፣ ማርሹ ሰነፈብኝ። ጠንከር አድርግልኝና ልሂድ።»

«እሺ ሐጂ። ዘይቱን መቼ ነው ያስቀየሩት?»

«ስገዛው እንደነበረ ነው። እሱም ይቀየራል እንዴ?»

«አብሽሩ፣ መጀመሪያ ከፍተን እንየው።»

መካኒኩ ትክክል ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ማንሻው ፓርኪንግ ላይ ሆኖ መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ቀይ ከሆነ መልካም ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ግን ሸራው መቃጠል ጀምሯል። ከዚያ የካምቢዮው የታች ክዳን ይፈታል። ክዳኑ ውስጥ ብረት የሚይዙ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ፤ ላያቸው ላይ ያለውን በጣት ጫፍ አንስቶ ማሸት ነው። እንደ ሊጥ የላመ ግራጫ ቅባት ከሆነ ከዓመታት ሥራ የተጠራቀመ ነው፣ አያሳስብም። ጣት መሐል የሚሻክር፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት የሚያብለጨልጭ ስባሪ ከሆነ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተበልቷል። ከክዳኑ ግርጌ ጥቁር ደቃቅ ፍርፋሪ ከተዘቀጠ ያ ሸራው ነው። ሸራው ፍርፋሪ በሆነ ካምቢዮ ላይ ግፊት መጨመር ለጥቂት ሳምንት የዳነ ያስመስለዋል፤ ከዚያ በአንድ ዳገት ላይ ይቆማል። ለሽማግሌው ይህን በግልጽ መንገር ሬዚስተር ከመቀጠል ይበልጣል።

አሁን ስለ ሙቀት። ማርሽ ማጠንከር «ካምቢዮውን ያቀዘቅዘዋል» የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው። ዳገት ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያው ተፈትቶ 40 ኪሎ ዋት ሲያስተላልፍ 15 በመቶው ቢባክን በየሰከንዱ 6 ኪሎ ጁል ወደ ዘይቱ ይገባል። ቀደም ብለን ያየነው ለስላሳው ማርሽ 15 ኪሎ ጁል ነበር። ኮንቨርተሩ ያን በሁለት ሰከንድ ተኩል ያመነጨዋል። ደንገጎን ለመውጣት ደቂቃዎች ይወስዳል። እንግዲህ ጠንካራ ማርሽ የሚጠብቀው ሸራውን ነው፤ ዘይቱን አይጠብቀውም። በሙያው የተለመደ መለኪያ አለ፤ የካምቢዮ ዘይት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በየ11 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ዘይቱን የሚያድነው ከራዲያተሩ ሌላ የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣ መጨመርና ማርሽን አስቀድሞ መያዝ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ኦቨርድራይቭን ማጥፋት ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል እየወጣ እየወረደ እንዳይባክን ያደርገዋል። ሥራው አንድ ጣት ነው።

ለሶፊው ፒክአፕ የምመክረው ቅደም ተከተል ከዚህ ይወጣል። መጀመሪያ ዘይትና ማጣሪያ፣ ከዚያ ካቦው ካለው ያቺ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ግፊቱን በጌጅ መለካት። እነዚህ ልክ ሆነው ማርሹ አሁንም ጭነት ላይ ከዘገየ ማቀዝቀዣ ይጨመር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሸራው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚገባው ማርሽ ነዳጅ ሲበዛ ጠንከር እንዲል ይስተካከል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያለውን በቀስታ ሲነዳ እንዳለ መተው ነው።

ሙከራው ጭኖ መሆን አለበት። ባዶ መኪና ከተማ ውስጥ ዞሮ «ተስተካክሏል» ማለት ምንም አያሳይም። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የሸራውን አያያዝ እየተማሩ ግፊቱን ራሳቸው ስለሚያሻሽሉ የተማሩት በማሽን ተሰርዞ እንደገና እንዲማሩ መደረግ አለበት፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች መንገጫገጩ በዚህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የተለመደውን ጭነት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ መውረድና መመለስ ነው። ሲወርዱ ማንሻው «ዲ» ላይ አይቅር፤ በ«ዲ» አንዳንዱ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ጎማው ሞተሩን እንዲጎትት አይፈቅድም፣ ሸክሙን ፍሬኑ ብቻ ይይዘዋል። «2» ላይ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል። ሲመለሱ ዳገቱ መሐል ላይ፣ ነዳጁ ሦስት አራተኛ ተረግጦ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ የሞተሩ ጩኸት ሳይጨምር ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ ተሳፋሪውም ጀርባው ካልተመታ፣ ሥራው በልኩ ተሠርቷል። ሐረር ሲደርሱ ዘይቱን እንደገና ማየት፣ ቀለሙ እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ፣ ከሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት ነው።